«ስሜን አስገቡኝ» የማያዋጣበት ክፍል

የቡድን አሳይመንት ሲሰጥ የሚሆነው ይታወቃል፤ ሰቃዩ ሌሊቱን ይሠራል፣ የቀሩት «ስሜን አስገቡኝ» ይላሉ። ላሪ ማይክልሰን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ የክፍላቸው ተማሪ ከ40 ወደ 120 ቢያሻቅብባቸው ይህንንም የሚያቃልል መላ ዘየዱ፦ ተማሪው መጀመሪያ ለብቻ፣ ከዚያ በጋራ ይሥራ። በጋራ ሠርቶ ለብቻ መጠየቅ ለጋይንት ሰው እንግዳ አይደለም። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ተማሪም ከጓደኛው ጋር ያጠናል፤ መምህሩ ፊት ግን ብቻውን ይቀርባል።

እዚያው ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ላይ 48 የግብርና ተማሪ የሚያስተምሩ ከሆነ እንዲህ ይጀምሩ።

1. ቡድኑን ራስዎ ይመድቡ። ገጠር ያደጉትን፣ ከተማ ያደጉትንና ሥራ ላይ የቆዩትን ተራ በተራ አሰልፈው ከ1 እስከ 8 ያስቆጥሩ፤ አንድ ዓይነት ቁጥር የደረሳቸው አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ ለየቡድኑ ስድስት ስድስት ተማሪ ይደርሳል። ቡድኑ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አይቀየር። እንደ አንድ ለአምስቱ አደረጃጀት መሪ አይሹሙለት።

2. ንባቡን ቀድመው ይስጡ። ኢንተርኔት ስለሚቆራረጥ ጥቂት ገጽ ኮፒ ይበቃል።

3. ክፍል ሲገቡ አምስት የምርጫ ጥያቄ ለየብቻ ይፈትኑና ወረቀቱን ይሰብስቡ።

4. ያንኑ ፈተና ወዲያው በቡድን ያሠሩ። መልሱን ይዘው በየቡድኑ ይዙሩ፤ በመጀመሪያው ሙከራ ካገኙት 4፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 1 ነጥብ።

5. ይግባኝ ይፍቀዱ፤ ግን በጽሑፍና ከንባቡ በተጠቀሰ ማስረጃ ብቻ። ከዚያ ብዙዎች የሳቱትን ብቻ ያብራሩ።

6. እውነተኛ ችግር ያቅርቡ፦ «ዳገታማ ማሳ ላይ ክረምት ሳይገባ አንድ ሥራ ብቻ መሥራት ቢቻል የቱ ይቅደም? ሀ) የውሃ መቀልበሻ ቦይ ለ) የአፈር እርከን ሐ) የድንጋይ እርከን መ) ሣር ተከላ።» ጥያቄው ለሁሉም አንድ ይሁን። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲሉ ሁሉም ቡድን የመረጠውን ፊደል እኩል ያንሣ፤ አንዱ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ይከተለዋል። ፊደሉ ሲለያይ ምክንያታቸውን ያናግሯቸው፤ ስለ ተዳፋቱ፣ ስለ አፈሩ፣ ድንጋይ በቅርብ ስለመገኘቱ ይከራከራሉ። የእርስዎን ሐሳብ መጨረሻ ያድርጉት።

7. ጓደኛ ለጓደኛ ነጥብ ይስጥ። እያንዳንዱ ተማሪ 50 ነጥብ ለአምስቱ ጓደኞቹ ያከፋፍል፤ ለሁሉም እኩል መስጠት ግን አይፈቀድ። አንዴ አጋማሽ ላይ ለማስተካከያ፣ አንዴ መጨረሻ ላይ ለውጤት።

የግሉ ፈተና፣ የቡድኑና የጓደኛ ነጥብ ከመቶ ስንት እንደሚይዝ በመጀመሪያው ሳምንት ከተማሪዎቹ ጋር ተስማምተው ይጻፉት። ያኔ ስም ማስገባት ብቻውን ነጥብ እንደማያመጣ ሁሉም ያውቃል።