የፍሬሽማን ኮርስዎ ኦስሎ ውስጥ ስንት ያወጣል?

ቫይትቬትና አካባቢው የሚኖረው አበሻ ስለ ትምህርት ሲያወራ አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ «የአገር ቤቱ ትምህርቴ እዚህ ይቆጠርልኛል?» ጠያቂው ቀን አረጋውያን ሲንከባከብ ይውላል ወይም ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያድራል፤ ትራንስክሪፕቱ ሻንጣ ውስጥ ነው። ጓደኛው «ኑኩት ላክ» ይለዋል። ይልካል፣ ይጠብቃል፤ የሚመጣለት ደብዳቤ ግን ሊማር ካሰበው ትምህርት ላይ አንድም ኮርስ አይቀንስለትም። ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም። የሄደው ወደማይመለከተው ክፍል ነው።

ብዙዎቻችን አሁንም «ኑኩት» የምንለው ሥራ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ወደ ሆኮዲር፣ ማለትም ወደ ከፍተኛ ትምህርትና የሙያ ብቃት ዳይሬክቶሬት ተዛውሯል። ይህ ቢሮ የሚመዝነው የተጠናቀቀ ዲግሪን ነው። ዲግሪዎ በደረጃና በርዝመት ከኖርዌይ ባችለር፣ ማለትም ከ180 ስቱዲየፖይንግ (የትምህርት ነጥብ) ጋር ይተካከላል ወይ የሚለውን ለቀጣሪ ይነግራል። ኮርስ ለኮርስ አያወዳድርም። ሁለት ዓመት ተምሮ ያቋረጠ ሰው እዚያ ቢያመለክት የሚያገኘው ነገር የለም። ነርስ ወይም ፋርማሲስት ከሆኑ ደግሞ ጉዳይዎ በቀጥታ የሚመለከተው የጤና ዳይሬክቶሬቱን ነው፤ የሥራ ፈቃዱን የሚሰጠው እሱ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚታየው ሌላ ነገር ነው፦ ሼነረል ስቱዲየኮምፐታንሰ። ጂ-ኤስ-ዩ የሚባል ዝርዝር አለ፤ ለየአገሩ የትኛው የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ እንደሚበቃ፣ በላዩ ላይ ስንት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንደሚጠየቅ ይናገራል። የኢትዮጵያን መስመር ሲያነቡ ማስረጃዎ የወጣበትን ዓመት አብረው ይያዙ፤ የእኛ ሥርዓት ተገለባብጧልና። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ቀርቶ 10 ሲደመር 2 መጣ። ፍሬሽማን ተነሥቶ ዲግሪው ሦስት ዓመት ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰና ዲግሪው አራት ዓመት ሆነ። ስለዚህ የሁለት ወንድማማቾች ወረቀት እንኳ አንድ ዓይነት መልስ ላያገኝ ይችላል። የኖርስክ ፈተናም አለ፤ በአራቱም ክፍሎች ቢያንስ ቢ2 ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛ መስፈርትም ለብቻው ይታያል።

ኮርስ የሚያስቀንሰው ሦስተኛው መንገድ ኢንፓሲንግ ይባላል። ይህን የሚወስነው ሆኮዲር ሳይሆን የገቡበት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም መጀመሪያ ተቀባይነት ማግኘት አለብዎ። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚለው ሌላውን የከተማውን ዩኒቨርሲቲ፣ ኦስሎሜትን፣ አያስገድድም።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ትራንስክሪፕት ላይ «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ 3 ክሬዲት አወር፣ ቢ ፕላስ» ተብሎ ተጽፏል። መዛኟ በዚህ አንድ መስመር ምን ልትወስን ትችላለች? ምን እንደተማሩ፣ የትኛውን መጽሐፍ እንዳነበቡ፣ እንዴት እንደተፈተኑ አታውቅም። ስለዚህ የኮርስ አውትላይኑ አብሮ መሄድ አለበት፤ ያውም እርስዎ በተማሩበት ዓመት የነበረው እንጂ ዘንድሮ የሚሰጠው አይደለም። ክሬዲቱንም ያስረዱ። በኖርዌይ የሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ነጥብ ነው፤ በእኛ የፍሬሽማን ካሪኩለም ደግሞ 3 ክሬዲት አወር ብዙውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ፣ ማለትም 5 የኖርዌይ ነጥብ፣ ተብሎ ይሰላል። ትራንስክሪፕትዎ ክሬዲት አወር ብቻ ከያዘ፣ ሙሉ ዓመት የለፉበት የግማሽ ዓመት መስሎ ይታያል። አንድ ገጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ይህን ይፈታል።

ማመልከቻው ላይ «ኮርሶቼን ቁጠሩልኝ» አይበሉ። የእናንተን ይህን ኮርስ በእኔ በዚህ ኮርስ ተኩልኝ ብለው አንድ በአንድ ይጻፉ። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ባችለር ተማሪዎች የሚወስዱት ኤክስፊል 10 ነጥብ ነው፤ የፍልስፍና ታሪክና ሥነ ምግባር አለበት። የእኛ የሎጂክ ኮርስ ብቻውን ይተካዋል ብዬ ተስፋ አልሰጥም፤ መጠየቁ ግን አይከፋም። እምቢ ከተባሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ሁሉም ቢቆጠርልዎም እንኳ ዲፕሎማ ለመቀበል በመርህ ደረጃ ቢያንስ 60 ነጥብ እዚያው ተቋም መውሰድ ግድ ነው።

አንድ ነገር ማንም አስቀድሞ አይነግርዎትም፦ ኮርስ ተቀነሰ ማለት የትምህርት ጭነት ቀነሰ ማለት ነው። የተማሪ ብድርና ድጋፍ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ሎነካሰን፣ ሙሉ ድጋፍ የሚሰጠው በሴሚስተር 30 ነጥብ ለሚማር ነው። 10 ከተነሣልዎ 20 ይቀራል፣ ድጋፉም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ከግማሽ በታች ከወረደ ጭራሽ የለም። ልጆች እያሳደጉ፣ የቤት ኪራይ እየከፈሉ ከሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከመቀበልዎ በፊት በክፍት ቦታው ከቀጣዩ ዓመት የሚያስገቡት ኮርስ መኖሩን ይጠይቁ።

ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ሌላም መንገድ አለ። ፋግስኩለ የሚባለው ከአሜሪካው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጋር የሚቀራረብ የሙያ ትምህርት ነው። የሁለት ዓመቱ፣ 120 ነጥቡ፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ያበቃል። ኮርሶቹን ግን ዩኒቨርሲቲው የመቁጠር ግዴታ የለበትም። በበሩ እንጂ በነጥቡ አይተማመኑ።

ከሁሉ የሚያዘገየው አገር ቤት ያለው ጉዳይ ነው። ኮስት ሼሪንግ ያልከፈለ ተመራቂ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት ይቸገራል፤ ስለዚህ ሬጅስትራር የሚልኩት ዘመድ ውክልና፣ የመታወቂያ ቁጥርዎንና የምረቃ ዓመትዎን፣ የክፍያውንም ብር ይዞ ይሂድ። የሚወጣው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እዚህ የሚያስተረጉሙት የለም። በጦርነት ወይም በስደት ምክንያት ማስረጃ ጨርሶ ማግኘት ላልቻለ ስደተኛ ሆኮዲር በቃለ መጠይቅ የሚመዝንበት መንገድ አለው፤ ተስፋ ቆርጠው ከመተው በፊት ይጠይቁ።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ማመልከቻ የሚቀበለው ሳሞርድና ኦፕታክ ማመልከቻ የሚከፍተው በፌብሩዋሪ 1 ነው። ኤፕሪል 15 የሚለው የታወቀው ቀን ለኖርዌይ ተማሪዎች ነው፤ የውጭ አገር ማስረጃ ያለው ሰው የመጨረሻ ቀን ማርች 1 ነው። ለዘንድሮ ካሰቡ ሬጅስትራር ለሚሄደው ሰው ዛሬ ማታ ይደውሉለት።