በሊማሊሞ ላይ ምሳ የነጠቀው አሞራ

ከሕፃን እጅ ሥጋ የነጠቀ ጭልፊት ያላየ ተማሪ በመካከላችን የሚገኝ አይመስለኝም። ነገር ግን ጦርና ጋሻ በያዙ ሰዎች መካከል ቀስ ብሎ ገብቶ ምሳቸውን ስለ ወሰደ ታላቅ አሞራ የሰማ ጥቂት ነው። ታሪኩ የሚያስቅ ቢሆንም ትልቅ ትምህርት ስላለበት ለአንባቢዎች ላቀርበው ወደድሁ።

ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ የዓባይን ምንጭ ለማየት ከምፅዋ ተነሥቶ ወደ ጐንደር ሲጓዝ፥ በ1762 ዓ. ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር በ1770) የሊማሊሞን ተራራ ወጣ። አገልጋዮቹ በዳገቱ እጅግ ደክመው ስለ ነበር ከተራራው ራስ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡና የፍየል ሥጋ ቀቅለው ይበሉ ጀመር። በዚህ ጊዜ አንድ ግዙፍ አሞራ ምድር ለምድር በዝግታ እየበረረ መጥቶ ከመካከላቸው ዐረፈ። ሰዎቹ እየጮኹ ጦርና ጋሻቸውን ለማምጣት ሲሮጡ፥ እርሱ ግን እግሩን ወደ ብረት ድስቱ ሰደደ፤ ውሃው ቢያቃጥለው የያዘውን ሥጋ ለቀቀ። ወዲያው በእንጨት ገበታ ላይ የነበሩትን አንድ እግርና አንድ ወርች በሁለት እግሮቹ ጨብጦ እንደ አመጣጡ በዝግታ ሄደ።

ብሩስ ወፉን በቅርብ ለማወቅ ስለ ፈለገ ጠመንጃውን አጕርሶ ከቀረው ሥጋ አጠገብ ተቀመጠ። ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ብሩስም ተኵሶ ገደለው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ 8 ጫማ ከ4 ኢንች፥ ማለት ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ሆነ። ወፉን ባነሣው ጊዜ ግን እጁ ቢጫ ዱቄት በመሰለ ትቢያ ተሸፈነ። ብሩስ በ1790 (እ. አ. አ.) ባሳተመው መጽሐፍ፥ ይህ ዱቄት ላባውን ከደጋው ብርቱ ዝናም እንዲጠብቅ ከተፈጥሮ የተሰጠው መሆኑን ገመተ። የወፉንም ስም «ንስር ወርቅ» ሲል ጻፈ።

ያየው እውነት ነበር፤ ግምቱ ግን አልሠመረም። ከመንቈሩ በታች ጥቍር ጢም ያለው የዚህ አሞራ የደረቱ ላባ በተፈጥሮው ነጭ ነው። ወርቃማ መልክ የሚያገኘው የብረት ዝገት ባለበት ቀይ አፈርና ጭቃ ውስጥ በፈቃዱ ስለሚታጠብ ነው። ይህም የታወቀው በጥይት ሳይሆን በሕይወት ያለውን ወፍ በትዕግሥት በመመልከት ነው። «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ምግቡም የሚያስደንቅ ነው። ከሚበላው ውስጥ ከመቶ 70 እስከ 90 የሚሆነው እጅ አጥንት ነው። ሌሎች አሞሮች ሥጋውን ጨርሰው ከሄዱ በኋላ መጥቶ ቅልጥሙን ያነሣል፤ ሊውጠው የማይችለውንም ከ50 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ በቋጥኝ ላይ ጥሎ ይሰብረዋል። በጨጓራው ውስጥ ያለው ብርቱ አሲድ አጥንቱን ያሟሟዋል። እንግዲህ ያለ ደመወዝ የተራራችንን ጽዳት የሚጠብቅ ሠራተኛ ነው ማለት ነው።

በአውሮፓ ግን ጠቦትና ሕፃን ይነጥቃል ተብሎ በሐሰት ስለ ተከሰሰ፥ በአልፕስ ተራሮች ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ ፈጽሞ ጠፋ። መልሶ ለማስገባትም ከ1986 (እ. አ. አ.) ጀምሮ በሰው እጅ ያደጉ ጫጩቶችን እየለቀቁ ብዙ ገንዘብና ድካም ማውጣት ግድ ሆነ። በእኛ አገር በስሜን ተራሮችና በሌሎችም ደጋዎች ዛሬም ይበራል። ነገር ግን ጥንዶቹ በዓመት የሚያሳድጉት ብዙውን ጊዜ አንድ ጫጩት ብቻ ስለ ሆነ፥ የሞተውን ለመተካት ረጅም ዘመን ይፈጃል። ለጅብና ለውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ደግሞ ይህንንም ወፍ ይገድላል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ይህን ወፍ ብናይ ድንጋይ ከማንሣት ይልቅ ደብተርና እርሳስ እናንሣ፤ ወላጆቻችንም መርዝ በሜዳ ከመጣል እንዲከለከሉ እንንገራቸው። ብሩስ ወፉን የተመለከተው ለጥቂት ደቂቃ ነበር። እኛ ግን ከፈቀድን ዕድሜ ልካችንን ልንመለከተው እንችላለን።