የክረምቱ ሥልጠና በበጋ ይዘጋጃል

እግዚአብሔር ባስልኤልን በጥበብና በእጅ ሥራ ዕውቀት እንደ ሞላው በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እናነባለን። ሕፃናትን የእጅ ሙያ ማስተማርም የአጥቢያ አገልግሎታችን አካል ነው። በአሶሳና በአካባቢው ለዚህ የሚስማማው ሽመል፣ ማለትም የቆላ ቀርከሃ፣ ነው።

ነገር ግን ልጆች ከትምህርት የሚያርፉበት ክረምት የሽመሉ ቡቃያ የሚወጣበትም ወቅት ነው፤ ያን ጊዜ ለመቁረጥ የሚገባ ሰው ቡቃያውን ረግጦ ይሰብራል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት 3 ዓመት የሞላውን ሽመል በበጋ እንዲያስቆርጡ፣ ነቀዝ እንዳይበላውም በውኃ ዘፍዝፈው በጥላ እንዲያደርቁ እናሳስባለን።

የተሰነጠቀ ሽመል ጠርዙ እጅ ይቆርጣልና ስንጠቃውንና ፍቀቱን ባለሙያዎች ይሥሩ፤ ልጆች በለሰለሰው ስንጥቅ ቅርጫት ይሥሩበት። ሙያውን ስናወርሳቸው ደኑንም አብረን ልናወርሳቸው ይገባል።