አንድ ኩሽኔታ ሦስት ጊዜ ከተቀየረ ጥፋቱ የማን ነው?

የመኪና ጥገና በሒሳብ ባለሙያ ዓምድ ላይ ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። የዓመቱ ደረሰኞች ሲደረደሩ አንድ ዓይነት ጥገና ሁለትና ሦስት ጊዜ ተጽፎ ከተገኘ፣ ገንዘብ በአንድ ቀዳዳ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው።

በአሜሪካ አብዛኛው ታክሲ አውቶማቲክ ስለሆነ ጉዳዩ አይመለከተኝም የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን የሱቅ ዕቃ የሚያመላልሱበት አሮጌ ፒክአፕ፣ በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን የሚነዱት ቫን፣ አዲስ አበባ ላይ ከወንድምዎ ጋር የሚያሠሩት ሚኒባስ ማኑዋል ሊሆን ይችላል። «አሁንም ኩሽኔታው ተበላ፣ ገንዘብ ላክ» የሚል ስልክ ሲደጋገም በወንድማማቾች መካከል ጥርጣሬ ይገባል። ከመጠራጠር በፊት ነገሩን መረዳት ይበጃል።

ፔዳሉን ሲረግጡ ሹካው ኩሽኔታውን ይገፋዋል። ኩሽኔታውም ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን የፕሬሸር ፕሌት ጣቶች ተጭኖ የፍሪሲዮኑን ሸራ ያላቅቃል። የተሠራው ለጥቂት ጊዜ ተጭኖ ለመልቀቅ ነው። ሳያርፍ ከተጫነ ይግላል፣ ግሪሱ ያልቃል፣ መጮኽ ይጀምራል፣ በመጨረሻም ይበላል። እንግዲህ ቶሎ ቶሎ የሚበላ ከሆነ ሌላ ነገር እየገደለው ነው። ያንን ነገር በሚከተለው ቅደም ተከተል ይፈልጉ።

1ኛ/ የሚጮኸው እርሱ ነው ወይ? የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርገው፣ ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉን ገና በትንሹ ሲነኩት ድምፅ ከጀመረ ኩሽኔታው ይጠረጠራል። እግርዎን ሲያነሡ የሚጮኽና ሲረግጡ የሚጠፋ ከሆነ የማርሽ ሳጥኑ የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ መኪናዎች ግን የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ዘወትር ጣቶቹን እየነካ ስለሚሽከረከር ድምፁ ያሳስታልና መካኒኩ ያረጋግጥ።

2ኛ/ የአነዳድ ልማድ። እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ መንዳት፣ መብራት ላይ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን ረግጦ መጠበቅ፣ ዳገት ላይ መኪናውን በፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን መያዝ፣ ሁሉም ኩሽኔታውን ወይም ሸራውን ይጨርሳሉ። መኪናውን ሁለት ሰው የሚነዳው ከሆነ ሁለቱንም ይመልከቱ። ሲቆሙ ፎሌ ማድረግና እግርን ማንሣት ምንም ዋጋ አያስከፍልም።

3ኛ/ ማስተካከያው። በገመድ የሚሠራና በእጅ የሚስተካከል ፍሪሲዮን ከሆነ፣ ፔዳሉ ሲነካ መጀመሪያ ላይ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚያዘውን ያህል ላላ ማለት አለበት። ያ ክፍተት ከሌለ እግርዎ ባይኖርበትም ኩሽኔታው እንደተጫነ ይውላል። በዘይት ግፊት የሚሠራ ከሆነ የላይኛው ሲሊንደር ሙሉ በሙሉ መመለሱን፣ ጎማው ቱቦም ውስጡ አብጦ ግፊቱን አለማስቀረቱን ያስመርምሩ።

4ኛ/ ጎረቤቶቹ። ኩሽኔታው የሚንሸራተትበት ቱቦ ከተቦረቦረ፣ ሹካው ወይም ማረፊያው ካለቀ፣ የፕሬሸር ፕሌቱ ጣቶች ከፍና ዝቅ ካሉ፣ አዲሱ ኩሽኔታ ተንጋዶ ይሠራል። ማርሽ ሳጥኑ ሲገጠም ማስተካከያ ፒኖቹ ካልተመለሱ ወይም በመካከሉ ቆሻሻ ከቀረ እንዲሁ ነው። የሞተር ወይም የማርሽ ሳጥን ዘይት የሚያፈስ ከሆነም አስቀድሞ ይዘጋ። አዲስ ኩሽኔታ በቤንዚን አይታጠብም፤ በውስጡ የታሸገውን ግሪስ ያሳጣዋል።

የወጣው አሮጌ ኩሽኔታ ራሱ ምስክር ነው። ፊቱ በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ ተንጋዶ ሠርቷል። በሙቀት ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ሳያርፍ ተጭኖ ከርሟል። ውስጡ ከተቧጠጠ ቱቦውን ይመልከቱ። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት «አሮጌውን ዕቃ እፈልገዋለሁ» ብለው በሥራ ማዘዣው ላይ ያስጽፉ። አዲስ አበባ ያለው ወንድምዎም ፎቶግራፍ አንሥቶ ይላክልዎ። ጠብም ይቀራል፣ ጥፋቱም ይታወቃል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ለምሳሌ ያህል ኩሽኔታው 50 ዶላር፣ የእጅ ዋጋው 700 ዶላር ነው እንበል። ኩሽኔታውን ለመቀየር ማርሽ ሳጥኑ መውረድ ስላለበት ዋናው ወጪ የእጅ ዋጋው ነው። ሦስት ጊዜ ሲቀየር 2,250 ዶላር ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ሸራውን፣ ፕሬሸር ፕሌቱንና ኩሽኔታውን በአንድነት በ300፣ ቱቦውንና ሹካውን በ150 ገዝተው 700 የእጅ ቢከፍሉ 1,150 ዶላር ነበር። «ርካሹን ብቻ ቀይርልኝ» ያሉበት ቃል 1,100 ዶላር አስከፈለ። መኪናው የቆመባቸው ቀናት ገቢ ገና አልተቆጠረም።

«ከታክስ እቀንሰዋለሁ» ብለው አይጽናኑ። በአሜሪካ የመኪና ወጪዎን በማይል ተመን የሚያስቡ ከሆነ ጥገናው በተመኑ ውስጥ ስለተካተተ ለብቻው አይቀነስም። በትክክለኛ ወጪ የሚያስቡ ከሆነ ለሥራ የዋለው ድርሻ ብቻ ይቀነሳል፤ 80 ከመቶ ለሥራ ከዋለ ከ750 ዶላሩ 600 ዶላር ማለት ነው። እርሱም ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚነሣ ነው እንጂ 600 ዶላር ተመልሶ እጅዎ አይገባም።

በመጨረሻም በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ቀኑን፣ የኪሎሜትር ወይም የማይል ንባቡንና የተቀየረውን ዕቃ ይጻፉ። ዋስትናው ዕቃውን ብቻ ነው ወይስ የእጅ ዋጋውንም ይጨምራል ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ለሦስተኛ ጊዜ «ኩሽኔታ ነው» ከተባሉ፣ ከመክፈልዎ በፊት «ያለፉትን ሁለቱን ምን ገደላቸው?» ይበሉ። ለዚህ መልስ የሌለው መካኒክ አራተኛውንም ሊያስከፍልዎ ይችላል።

መልካም ሥራ!