«ቴሌ» ማለት ምን ማለት ነው?

ዛሬ የምንማረው በየቀኑ ስለምትሰሟት አንዲት አጭር ቃል ነው። ቃሏም «ቴሌ» ናት።

አስቀድሜ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። «ሰኞ ገበያ» የሚለው ስም ከስንት ቃላት ተሠራ? አዎን፣ ከሁለት፤ «ሰኞ» እና «ገበያ»። ሁለቱን ቃላት የሚያውቅ ሰው ደሴን አይቶ ባያውቅ እንኳ ስፍራው ሰኞ ዕለት ገበያ የሚቆምበት መሆኑን ይገምታል። ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላትም እንዲሁ የተገጣጠሙ ናቸው። ክፍሎቻቸውን ያወቀ ተማሪ ቃሉን ሳይሸመድድ ትርጉሙን ያገኛል።

«ቴሌ» አባቶቻችን ጽርእ ከሚሉት ከግሪክ ቋንቋ የመጣች ባዕድ መነሻ ናት። ትርጉሟም «ሩቅ» ወይም «ከሩቅ» ማለት ነው። እስኪ ከሌሎች ቃላት ጋር እናጋጥማት።

1. ቴሌፎን፦ «ፎኔ» በግሪክ ድምፅ ማለት ነው። ስለዚህ ቴሌፎን የሩቅ ድምፅ ነው። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በ1876 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አገኘበት። ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው መሥመር 477 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር።

2. ቴሌግራም፦ «ግራማ» የተጻፈ ነገር ማለት ነው። ቴሌግራም ከሩቅ የመጣ ጽሑፍ ነው። ቀድሞ በሽቦ ይላክ ነበር፤ ዛሬ በእጅ ስልክ የምንላላክበትም በዚሁ ስም ይጠራል።

3. ቴሌቪዥን፦ የዚህ ቃል እኩሌታው ግሪክ፣ እኩሌታው ላቲን ነው። «ቪዥን» የመጣው ማየት ከሚለው የላቲን ቃል ነው። በአገራችን የቴሌቪዥን ስርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው።

4. ቴሌስኮፕ፦ «ስኮፔይን» መመልከት ማለት ነው። ቴሌስኮፕ ሩቅ ያሉትን ከዋክብት የምንመለከትበት መሣሪያ ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ ሁለት ትልልቅ ቴሌስኮፖች አሉ። ስለ ደሴ ስም ከሚነገሩት አንዱም ከሰማይ ጋር የተያያዘ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1882 እ.ኤ.አ. በዚህ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው በመደሰታቸው ቦታውን ደሴ አሉት ይባላል። በዚያ ዓመት የታየው ጅራታም ኮከብ እጅግ ብሩህ ስለ ነበር ያለ መሣሪያ፣ በቀን እንኳ ይታይ ነበር።

ልጆች! «ስኮፔይን» የሚለውን ቃል ዘመድ በቤተ ክርስቲያን ሰምታችሁታል። «ኤጲስ ቆጶስ» ስንል «ኤጲ» በላይ፣ «ስኮፖስ» ደግሞ ተመልካች፣ ጠባቂ ማለት ነው። ስለዚህ ኤጲስ ቆጶስ ከላይ ሆኖ መንጋውን የሚጠብቅ ነው። እኛ ስንጽፈው «ስ» ከፊተኛው ክፍል ጋር ተጣበቀች እንጂ ቦታዋ ከኋለኛው ጋር ነበር። እንግዲህ ኤጲስ ቆጶስና ቴሌስኮፕ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው ማለት ነው።

ይህች ቃል ከአማርኛም ጋር ተጋጥማለች። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው «ቴሌብር» እኩሌታው ግሪክ፣ እኩሌታው የእኛው ብር ነው።

ነገር ግን ተጠንቀቁ! በ«ቴለ» ድምፅ የሚጀምር ሁሉ የ«ቴሌ» ዘመድ አይደለም። በባንክ ገንዘብ የሚቆጥረው ሠራተኛ «ቴለር» ይባላል። ይህ ግን መቁጠር ከሚል የጥንት እንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። ስለዚህ ትርጉሙ ከነገሩ ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ሁልጊዜ መርምሩ።

«ሩቅ» የሚለው ቃል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በደሴና በኮምቦልቻ ስልክ ተቋርጦ ነበር። አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ያለ ልጅ የእናቱን ደኅንነት የሚሰማበት አጣ። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚያ ወራት መንገዱ አልረዘመም፤ ድምፅ ስለ ጠፋ ግን ከተሞቹ እጅግ የተራራቁ መሰሉ። ስለዚህ ልጆች፣ በሩቅ ያለ ዘመዳችሁ ሲደውል ጨዋታችሁን ትታችሁ ድምፃችሁን አሰሙት። ቴሌፎን የተሠራው ለዚህ ነውና።

መልመጃ

ሀ. «ማይክሮ» በግሪክ ትንሽ ማለት ነው። «ማይክሮስኮፕ» ምን የምናይበት መሣሪያ ነው?

ለ. «ቴርሞ» ሙቀት፣ «ሜትር» መለኪያ ከሆነ «ቴርሞሜትር» ምንድን ነው?

ሐ. እንደ «ሰኞ ገበያ» ከሁለት ቃላት የተሠሩ ሦስት የሰፈር ስሞችን ጻፉ፤ ትርጉማቸውንም ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ አስረዱ።

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።