የጓዳ ልጣጭ፣ እርሾና የሰፈር ብስባሽ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ ከተማ ረጲ፣ በተለምዶ «ቆሼ» በሚባለው ሥፍራ፣ ከአምሳ ዓመታት በላይ ሲከመር የኖረ ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ሕይወት እንደ ቀጠፈ ታስታውሳላችሁ። ስለ አደጋው ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ግን ከክምሩ ጫፍ ሳይሆን ከመነሻው፣ ማለትም ከየቤታችን ጓዳ ይጀምራል። ያ ሁሉ ክምር ከምን ተሠራ? ከሰፈር ሳይወጣ ሊቀር ይችል የነበረውስ የትኛው ክፍል ነው?

የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሚጥለው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በስባሽ ነው፤ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የጫት ገረባ። ይህ ሁሉ በመዝገብ «ደረቅ ቆሻሻ» ይባላል። ስሙ አሳሳች ነው፤ ከአትክልት ልጣጭ ክብደት 80 በመቶ ያህሉ ውኃ ነውና። መኪናው ነዳጅ እያቃጠለ ከሰፈር ወደ ማከማቻ ከሚያመላልሰው ጭነት ትልቅ ድርሻ ያለው ይኸው ውኃ ነው።

ውኃው ከክምሩ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከዝናብ ጋር ተደምሮ ክምሩን ያከብደዋል፤ በቁሶቹ መካከል ያለውንም ሰበቃ ያላላል። ከዚህም በላይ በቁሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ አየር ያስወጣል። ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ደቂቅ ዘአካላት ሥራውን ሲረከቡ ውጤታቸው ሚቴን ይሆናል። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ሙቀት የማመቅ ኃይል ያለው፣ ተቀጣጣይም የሆነ ጋዝ ነው።

ያው ልጣጭ አየር ሲያገኝ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለዘብ ያለ ሙቀት የሚስማማቸው ባክቴሪያዎች ስኳሩንና ስታርቹን ይመገባሉ፤ ከሥራቸው የሚወጣው ሙቀትም ክምሩን ያሞቀዋል። ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ እነርሱ ቦታ ይለቃሉ፤ ሙቀት ወዳዶቹ ይተኳቸዋል። ክምሩ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስና በዚያው ለቀናት ሲቆይ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን፣ የወስፋት እንቁላልና የአረም ዘር ይሞታሉ። ከ70 ዲግሪ በላይ ከወጣ ግን ሠራተኞቹም ስለሚያልቁ ማገላበጥ ግድ ይሆናል። ምግቡ ሲያንስ ክምሩ ይቀዘቅዛል፤ ጠንካሮቹን ሴሉሎስና ሊግኒን ፈንገሶችና አክቲኖማይሲትስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ይቀበላሉ። የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲነካው የሚሸተን ያ ደስ የሚል የአፈር ሽታ ጂኦስሚን ከተባለ ውሑድ የሚመጣ ሲሆን፣ ውሑዱን የሚሠሩትም እነዚሁ አክቲኖማይሲትስ ናቸው። የበሰለ ብስባሽም ይህንኑ ይሸታል።

ደቂቅ ዘአካላቱ ለእያንዳንዱ የናይትሮጅን እጅ ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ቢያገኙ ይስማማቸዋል፤ የክምሩ እርጥበትም ከ50 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ይህን በምሳሌ እናስላ። 10 ኪሎ ግራም የአትክልት ልጣጭ አለን እንበል። 8 ኪሎው ውኃ ነው። ከቀሪው 2 ኪሎ 40 በመቶው ካርቦን ቢሆን 0.8 ኪሎ ይሆናል፤ የካርቦንና የናይትሮጅኑ ምጣኔ 16 ለ1 ከሆነ ናይትሮጅኑ 0.05 ኪሎ ነው። አሁን 2 ኪሎ ጭድ እንጨምር። ጭዱ 10 በመቶ ውኃ፣ ከደረቁ ክብደቱም 45 በመቶ ካርቦን፣ ምጣኔው 80 ለ1 ቢሆን፣ 0.81 ኪሎ ካርቦንና 0.01 ኪሎ ናይትሮጅን ያመጣል። ድምሩ 1.61 ለ0.06፣ ማለትም 27 ለ1 ያህል ነው፤ መልካም ነው። እርጥበቱ ግን 8.2 ከ12፣ ወደ 68 በመቶ ሆነ። ጭዱን 3 ኪሎ ብናደርገው ምጣኔው ወደ 31 ከፍ ይላል፤ እርጥበቱ ግን ገና 64 በመቶ ነው። አንዱን ስናስተካክል ሌላው ይዛባል። መፍትሔው ጭድ እየጨመሩ መሄድ ሳይሆን ልጣጩን ለአንድ ቀን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ውኃውን መቀነስ ነው። ለጭዱ ምትክ ሰጋቱራ የምታስቡ ካላችሁ፣ የሰጋቱራ ምጣኔ በመቶዎች ለ1 ስለሆነ እፍኝ ብቻ ይበቃል።

ሳይንሱ ይህን ያህል ነው። የሰፈሩ ነገር ከዚህ ይከብዳል፤ ለዚህ ትምህርት የምትሆነን የኢንዶኔዥያዋ ሱራባያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬፑቲ የተባለው የቆሻሻ መድፊያ በነዋሪዎች ተቃውሞ ሲዘጋ ከተማዋ ቆሻሻዋን የምታደርስበት አጣች። እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃፓን ኪታክዩሹ ከተማ የመጡት ተመራማሪ ኮጂ ታካኩራ ፑስዳኮታ ከተባለ የአገሬው መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ጋር ሥራ ጀመሩ። ታካኩራ በቤተ ሙከራ የዳበረ ባክቴሪያ ከአገራቸው ይዘው አልመጡም። ሕዝቡ ከሚበላቸው የፈሉ ምግቦች ጥቂት ወስደው በስኳር ውኃ፣ የፍራፍሬና የአትክልት ልጣጩን ደግሞ በጨው ውኃ ዘፈዘፉ። ከቀናት በኋላ ሁለቱን ፈሳሾች በሩዝ ገለባና ፉርሽካ ላይ ሲያፈሱት ነጭ ሻጋታ ለበሰ። ይህ በካርቶን በተለበጠና ቀዳዳ ባለው የልብስ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ የቤት እመቤቷም የዕለቱን ልጣጭ ከትፋ እየጨመረች ታማስላለች። ሠራተኞቹ አስቀድመው በዝተው ስለሚጠብቁ ልጣጩ ሳይሸት በጥቂት ቀናት ይሰለቀጣል። ከተማዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቅርጫቶች አከፋፈለች። ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተማሩት፣ «ቅርጫቱ ምን ሆነ?» ብለው ተመልሰው የጠየቁትም በብዛት የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት የከተማዋ ቆሻሻ ከ20 በመቶ በላይ ቀነሰ።

እኛ የሩዝ ገለባ ባይተርፈን ጭድ አለን፤ የስንዴ ፉርሽካም ከወፍጮ ቤት አይጠፋም። የእንጀራ እርሾ፣ የጠላ አተላና እርጎ ደግሞ በየቤቱ ያሉ የደቂቅ ዘአካላት ማከማቻዎች ናቸው። እናቶቻችን እርሾውን ከቡሖ ወደ ቡሖ ሲያስተላልፉ የኖሩት ታካኩራ በቅርጫቱ ያደረጉትን ነው።

ይህን ስንጽፍ የራሳችንን ስሕተት መደበቅ አይገባንም። በፋኩልቲው ጓሮ የመጀመሪያውን ክምር ስንጀምር የተረፈ እንጀራና ወጥ ያለ ጭድ ደፋነው። በአራተኛው ቀን ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ወጣ፤ ዝንቡም ተከተለ፤ ዘበኛችንም ወንበራቸውን አንሥተው ወደ ሌላው በር ሄዱ። አሞኒያ የናይትሮጅን መብዛት ምልክት ነው። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ቢሆን ኖሮ አየር አጥሯል ማለት ነበር። ጭድ ጨምረን ካገላበጥነው በኋላ በሳምንቱ ክምሩ ማለዳ ማለዳ ይተን ጀመር፤ ዘበኛውም ተመለሱ። ከዚህ የተማርነው አፍንጫ ከቴርሞሜትር ቀድሞ የሚደርስ መሣሪያ መሆኑን ነው።

ሰፈር ውስጥ ግን ብስባሽን የሚገድለው የምጣኔ መዛባት ሳይሆን የባለቤት እጦት ይመስለናል። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ተመርቆ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶለት በወሩ የፌስታል ማጠራቀሚያ ሲሆን ያላየ የለም። ስለዚህ ከመቆፈራችሁ በፊት ማክሰኞ ማን ያገላብጠዋል፣ ክረምት ሲመጣ ማን ይሸፍነዋል የሚለውን ቁርጥ አድርጉ። እድር ለዚህ ይመቻል፤ ተራ ማውጣትንም መቅረትን መቅጣትንም ያውቅበታልና። የባትሪ ድንጋይ፣ የተሰበረ አምፖልና ቀለም ወደ ክምሩ እንዳይገቡ ሥራው ገና ከጓዳ ይጀመር። ከባድ ብረታ ብረት በሙቀት አይጠፋም፤ በጎመኑ በኩል ተመልሶ ከገበታችን ይደርሳል።

ብስባሹ መብሰሉን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በዓለም ቤተ ሙከራዎች ለዚህ ፈተና ከሚያገለግሉት ዘሮች አንዱ እኛ ለመድኃኒት የምናስቀምጠው ፌጦ ነው። ጥቂት ብስባሽ በውኃ በጥብጣችሁ አጥልሉት። በአንድ ሳሕን ላይ በዚህ ውኃ፣ በሌላው ላይ በንጹሕ ውኃ የራሰ ወረቀት አንጥፉ፤ በየሳሕኑ ሃያ ሃያ የፌጦ ዘር በትናችሁ ሸፍኑና ሁለት ቀን ጠብቁ። የበቀሉትን ቁጠሩ፤ ሥራቸውንም በማስመሪያ ለኩ። በብስባሹ ውኃ የበቀሉት ከቀሩ ወይም ሥራቸው ካጠረ ክምሩ ገና ነው፤ ሸፍናችሁት ጥቂት ሳምንታት ይቆይ።