ያንኑ ጭራቅ እስከ መቼ?

ጥያቄ፦ በኦንላይን አርፒጂ ጌሞች ደረጃ ለመጨመር ያንኑ ጭራቅ ደጋግሞ መግደል ለምን ግድ ይሆናል? (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ አዲስ ታሪክ ለመሥራት ወራት ይፈጃል፤ ተጫዋቹ ግን በቅዳሜና እሁድ ይጨርሰዋል። ወርሃዊ ክፍያ የሚሰበስብ ኩባንያ ክፍተቱን በድግግሞሽ ይሞላዋል። ሩንስኬፕ በተባለው ጌም የአንድ ክህሎት 99ኛው ደረጃ 13,034,431 የልምድ ነጥብ ይጠይቃል፤ ግማሹ የሚሞላው ደግሞ 92ኛው ላይ ነው! የቀሩት 7 ደረጃዎች ብቻቸውን ያለፈውን ሁሉ ያህላሉ።

ድግግሞሽ ብቻውን ግን ጥፋት አይደለም። ጨንቻ አካባቢ የዶርዜ ሸማኔ መወርወሪያውን ቀኑን ሙሉ ያመላልሳል፤ ሥራው አይሰለችም ባይባልም፣ ጥለቱ ሲያድግ ያያል፣ ስህተቱም ወዲያው ይታየዋል። ጌሙም እያንዳንዱ ውጊያ አዲስ ውሳኔ የሚጠይቅ ከሆነ መቶኛው ዙርም አይከብድም። ጣት እየነካካ ዓይን ሌላ ቪዲዮ የሚያይ ከሆነ ግን፣ በተለይ በሞባይል ዳታ ለሚጫወት ሰው፣ ኪሳራ ነው።

የጌም አዘጋጆች አንዳንዴ የተጫዋቹን ስሜት ብቻ ይቀይራሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በሙከራ ላይ ሳለ ብዙ የቆየ ተጫዋች የሚያገኘውን ነጥብ በግማሽ ይቀንስ ነበር፤ ተጫዋቾችም ተቆጡ። አዘጋጆቹ ስሌቱን ብዙም ሳይነኩ የቀድሞውን ሙሉ ነጥብ ከጌሙ ወጥቶ ላረፈ ሰው የሚሰጥ “200 በመቶ” ጉርሻ፣ የተቀነሰውን ደግሞ መደበኛ አሉት። ቁጣው በረደ።